ለሐኪሟ የደበቅኩት

እንደ እኛ ጤና የሚጠያየቅ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ፣ ጤናህስ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ልጆች ደህና ብለን እንወርድና፣ አለቀ ሲባል «እና እንዴት ነህ ታዲያ?» ብለን እንደገና ከላይ እንጀምራለን። የማያውቀን ሰው ከሩቅ ቆሞ ቢያየን አንዳችን ከሆስፒታል የወጣን፣ ሌላችን ልንገባ የተዘጋጀን ይመስለዋል። መልሱ ግን አንድ ብቻ ነው፦ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥርሱ ያበጠበትም፣ ወገቡ የያዘውም፣ ስኳሩ ጣሪያ የነካበትም ይህንኑ ይመልሳል። እናንተም ትመልሳላችሁ፤ አትከራከሩኝ። ጥያቄው ራሱ መልስ ፈልጎ የሚጠየቅ አይደለም። «ኧረ ወንድሜ፣ ሰሞኑንስ ሆዴን…» ብሎ የሚጀምር ሰው ቢገጥማችሁ መጀመሪያ የምታዩት ሰዓታችሁን ነው።

ችግር የሚመጣው ከልቡ የሚጠይቅ ሰው ሲገጥም ነው።

ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ነው። የምኖረው ኧርቪንግ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ሲሆን ሥራዬ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ የሠራተኞች ሻትል መንዳት ነው። ከመኪና ማቆሚያው አንስቼ ወደየተርሚናላቸው አደርሳቸዋለሁ፣ ሺፍታቸውን የጨረሱትን ደግሞ እመልሳለሁ። ቀኑን ሙሉ ስጓዝ ውዬ ከአውሮፕላን ማረፊያው አልወጣም። በአጭሩ ሥራዬ መቀመጥ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ቀን ሽንት ቤት ደም አየሁ። ብዙ አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ ጠብ ያለ ቀይ ነገር ነው። ምሳ ላይ የበላሁትን ሚጥሚጣ ከሰስኩ። ከሳምንት በኋላ ደገመኝ። አሁን ክሱን ወደ ሻትሉ ወንበር አዛወርኩት። በሦስተኛው ራሴን መርምሬ፣ ከራሴ ጋር ተማክሬ፣ «ኪንታሮት ነው፣ የሾፌር በሽታ» ብዬ ውጤቱን ለራሴ ነገርኩት። ከዚህ የፈጠነ ሕክምና አላውቅም። ወረፋ የለው፣ የሚሞላ ቅጽ የለው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ለማንም አለመናገር።

ለማንም ስል ባለቤቴን ወይንሸትንም ጨምሬ ነው። ወይንሸት አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ረዳት ነርስ ናት። የራሷን ምርመራ አንድም ዓመት አሳልፋ አታውቅም። የጡት ምርመራዋ፣ የማኅፀን በር ምርመራዋ፣ የደም ግፊቷ፣ ሁሉም ቀኑን ጠብቆ ማቀዝቀዣው ላይ በተለጠፈው ካላንደር ላይ ይጻፋል። በዚያ ካላንደር ላይ በእኔ ስም የተጻፈ ነገር ቢኖር የመኪናዬ ዘይት መቀየሪያ ቀን ነው። ሐኪም ዘንድ ከሄድኩ ስድስት ዓመት አልፎኝ ነበር። «ኢንሹራንሱ የዓመቱን ቼክአፕ ይሸፍናል እኮ፣ ምን እስክትሆን ነው የምትጠብቀው?» ትለኛለች። ደህና ነኝ እላታለሁ። ባለፈው መጋቢት እኔን መጠየቁን ተወችና ለሁለታችንም በአንድ ቀን አፖይንትመንት ያዘች፤ ሺፍቴንም ራሷ ከአለቃዬ ጋር ተነጋግራ አስቀየረች። ማምለጫ አልነበረኝም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ረጋ ብላ የምትናገር፣ ሰው ስታዳምጥ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ የምታነሳ ሴት። ወይንሸት ቅጹ ላይ ቋንቋ በሚለው ቦታ አማርኛ ብላ ሞልታልኝ ነበር። እንግሊዝኛዬ ለአውሮፕላን ማረፊያ ይበቃል፤ ስለ ሻንጣ፣ ስለ በርና ስለ ተርሚናል ማንንም አላሳፍርም። አንጀት ግን በእኔ መስመር ላይ ያለ ፌርማታ አይደለም። ስለዚህ ሐኪሟ አስተርጓሚ በስልክ ጠርታ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ወይንሸት በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል የራሷን ምርመራ እያደረገች ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ ነኝ፤ እዚህ የሚነገረው ሁሉ በሚስጥር ይጠበቃል» አለ ስልኩ።

ክው ብዬ ቀረሁ። ጌታሁን ነው።

ጌታሁን ማለት በቤተ ክርስቲያናችን ሁልጊዜ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ማይክሮፎን ይዞ ማስታወቂያ የሚናገረው ሰው ነው። ማን እንዳረፈ፣ ማን እንደወለደ፣ የየትኛዋ ካምሪ ባለቤት የሰው መውጫ ዘግቶ እንደቆመ የምንሰማው ከእሱ አፍ ነው። ወፈር ያለ፣ የማይቸኩል፣ ቃላቱን አንድ በአንድ የሚያስቀምጥ ድምፅ አለው። ያ ድምፅ አሁን ጠረጴዛው ላይ ካለው ስልክ እየወጣ ስለ ሽንቴ ይጠይቀኝ ጀመር። ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ? እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ከባለቤትዎ ጋር ያለው ግንኙነትስ? ለሁሉም ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን እያልኩ መለስኩ። እሱም ምስጋናዬን ሳያስቀር ሳያጓድል አስተረጎመልኝ።

«በሰገራዎ ላይ ደም አይተው ያውቃሉ?»

እዚህ ላይ እናንተ በእኔ ቦታ ሁኑ። ሕጉን አውቃለሁ፤ ሰውየው ሚስጥር ይጠብቃል፣ ሐኪሟም የጠየቀችኝ ልትረዳኝ ነው። በዓይኔ የሚመላለሰው ግን ማይክሮፎኑ ነበር። «አላየሁም» አልኩ። ሐኪሟ በጭራሽ ወይ ብላ ደገመች። በጭራሽ አልኳት።

የደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ነበርና ሁለቴ ለክታ ጻፈችው፤ ቤት ውስጥ በየቀኑ እንድለካም አዘዘችኝ። ቀጥላም በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ምንም ባያመው እንኳ አንጀቱን መታየት እንዳለበት አስረዳችኝ። የሚያሳስብ ምልክት የለኝም ስላልኳት፣ ቤት ሆኜ የሰገራ ናሙና ወስጄ በፖስታ የምልክበት አንድ ሳጥን ሰጠችኝ። ደም አይቻለሁ ብላት ኖሮ መንገዱ ሌላ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። ሳጥኑን ይዤ ስወጣ ወይንሸት እንዴት ነበር አለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት ታውቃላችሁ። ሳጥኑም ቁም ሳጥን ውስጥ ከክረምት ጫማዬ ጀርባ ገባ።

ከዚያ እሁድ ጀምሮ ከጌታሁን ሽሽት ያዝኩ። ድሮ በሩ አጠገብ ነበር መኪናዬን ፓርክ የማደርገው፤ አሁን የመጨረሻው ጥግ ላይ አቆም ጀመር። ማስታወቂያው ሳይጀመር እወጣለሁ። አንድ ጊዜ በአጋጣሚ ደረጃው ላይ ብንገጣጠም ፈገግ ብሎ ሰላም አለኝ፤ ያቺን ፈገግታ ሳምንቱን ሙሉ ተርሚናል በተርሚናል ይዣት ስዞር ሰነበትኩ። ማዘኑ ይሆን? መታዘቡ ይሆን? ሁለታችንም የተጠራንበት ክርስትና ነበር፤ ራሴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ልብ በሉ፣ ያመመኝን ደብቄ ያላመመኝን አወራሁ። ደሙ ደግሞ አልተወኝም። ኪንታሮት ነው የሚለው የራሴ ምርመራ ከቀን ወደ ቀን ጉልበት እያጣ ሄደ። አባቴ ምን ይዞት እንደሞተ በደንብ የሚያውቅ ሰው በቤተሰባችን የለም። «ሆዱን አሞት» ነው የሚባለው። ይህን ዓረፍተ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ፣ ምን እንደሚል ልብ ያልኩት በዚያ ሰሞን ነው።

በአምስተኛው እሁድ ከጥጌ መኪናዬን ላስነሳ ስል ጌታሁን ፊት ለፊት መጥቶ እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። መስኮቱን አወረድኩ።

«ሙሉጌታ፣ ምን በድዬህ ነው?» አለኝ። «አምስት እሁድ ሙሉ ጀርባህን ነው ያየሁት።»

ምንም እንዳልበደለኝ፣ ሥራውን እንደሠራ፣ እኔ ግን ዓይኑን ማየት እንዳፈርኩ ነገርኩት። የቱን ሥራ አለኝ። የስልኩን፣ የማስተርጎሙን አልኩት። ጌታሁን አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ አንድ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን፤ እኔ በትርፍ ሰዓቱ ያስተረጉማል ብዬ ደምድሜ ነበር።

«በየትኛው እንግሊዝኛዬ?» አለኝ። «እኔ ራሴ ሐኪም ጋ ስሄድ ልጄን ይዤ እኮ ነው የምሄደው።»

ለካ በዚህ ሰፊ አገር አንድ ቦታ፣ ስሜን የማያውቅ፣ መልኬን አይቶ የማያውቅ፣ የጌታሁን ዓይነት ድምፅ ያለው ሰው ነበር ያስተረጎመልኝ። አምስት ሳምንት የሸሸሁት ምንም የማያውቀውን ሰው ነው። ጌታሁን ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀም።

«ምን እንዳልሰማብህ ነበር የፈራኸው?» አለኝ።

እኔም ነገርኩት። እስኪ ፍረዱኝ፤ በሕግ ሚስጥር በሚጠበቅበት ክፍል፣ ለተማረች ሐኪም የደበቅኩትን፣ መኪና ማቆሚያ ላይ በጠራራ ፀሐይ ለማስታወቂያ ተናጋሪው ዘከዘክኩት። ደሙን፣ ወራቱን፣ ጫማዬ ጀርባ ያለውን ሳጥን፣ ሁሉንም።

ጌታሁን ዞሮ መጥቶ በሩን ከፈተና አጠገቤ ተቀመጠ። ካቻምና ለሁለት ወር ያህል ማስታወቂያ ሌላ ሰው ይናገር እንደነበር ትዝ ይለኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ትዝ ይለኛል፤ አገር ቤት ሄዷል ተብሎ ነበር። አገር ቤት አልሄደም። ከቤቱ ሃያ ደቂቃ የማይርቅ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ከአንጀቱ ቆርጠው ያወጡለትን ርዝመት ዳሽቦርዱ ላይ በጣቶቹ ለክቶ አሳየኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ደም እያየ ለማንም ሳይናገር ቆይቷል። ሲመለስ ሰዉ ሁሉ አዲስ አበባ እንዴት ናት እያለ ሲጠይቀው እሱም ዝናቡን፣ የመንገዱን ሥራ፣ የሰዉን ብዛት ሲያወራ ከረመ።

«አሁን ደህና ነኝ፤ የምሬን ነው ደህና ነኝ የምልህ» አለኝ። «በየጊዜው ያዩኛል። ግን ቀደም ብዬ ብሄድ ኖሮ እንዲህ አልቆረጥም ነበር። ዛሬውኑ ለወይንሸት ንገራት። ነገ እንዳትል።»

ቤት ስደርስ ወይንሸት አልጋው ላይ የሳምንቱን የሥራ ልብሷን እያጠፈች ነበር። ቆሜ ነገርኳት። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ስንት ጊዜህ ነው አለችኝ፤ አራት ወር ገደማ አልኳት። የያዘችውን ሱሪ አጥፋ ጨረሰችና አስቀመጠችው።

«ቀኑን ሙሉ የማላውቀውን ሰው ገላ ሳጥብ፣ ዳይፐሩን ስቀይር ውዬ ነው የምመጣው» አለችኝ። «ያንተን ደም ነው የምጸየፈው ብለህ ያሰብከው?»

አይደለም አልኳት። ፈርቼ ነው አልኳት። በተጋባን በሃያ ስድስት ዓመታችን ይህን ቃል ከአፌ ሰምታው አታውቅም፤ እኔም አላውቀውም። ልብሱን ገፋ አድርጋ ከጎኔ ተቀመጠች። «አሁን እኔም ፈራሁ» አለች፤ እጄን ይዛ ብዙ ቆየች።

ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ እንደተከፈተ ደወለች። ሐኪሟ ስልኩ ላይ ስትመጣ ወይንሸት ለእኔ አቀበለችኝ። አስተርጓሚ ልጥራ ወይ ስትለኝ አልፈልግም አልኳት። «ብለድ» አልኩ። «ፎር መንዝ። አይ ላይድ።» ደም አየሁ፣ አራት ወር ሆነኝ፣ ዋሸሁ ለማለት ያለችኝ እንግሊዝኛ በቃችኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ስለነገርኳት አመሰገነችኝ። ሳጥኑ ለእኔ እንደማይሆን፣ አንጀቴ በካሜራ መታየት እንዳለበት ነግራኝ በአሥር ቀን ውስጥ ቀን አስያዘችልኝ።

ስለ ዝግጅቱ ሰው ሁሉ የሚያስፈራራውን ያህል አላስፈራራችሁም፤ ግን አልዋሻችሁም። ከምርመራው በፊት ባለው ቀን ምግብ የለም፤ የሚጠጣው ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ነው። ይህ ለእኛ ለጿሚዎቹ ምን ይገደናል ብዬ ነበር። የሰጡኝ የመመሪያ ወረቀት የዶሮ መረቅ መጠጣት ይቻላል ይላል፤ ቀኑ ደግሞ ረቡዕ ነው። ወይንሸት ካሮትና ድንች ቀቅላ ውኃውን አጥልላ ሰጠችኝ። ከዚያ መድኃኒቱ መጣ። ሎሚ ተጨምሮበታል የሚሉት፣ ሎሚ ግን በአጠገቡ ያላለፈ፣ ጨው ጨው የሚል ነገር። ስለ ቀጣዩ የምነግራችሁ ይህን ብቻ ነው፦ ሽንት ቤታችን ውስጥ ያለው ግድግዳ ቀለም መቀባት እንደሚያስፈልገው የተረዳሁት በዚያ ቀን ነው። አጥንቼዋለሁ።

ሐሙስ ወይንሸት ይዛኝ ሄደች። አልጋው ላይ ጋደም ብዬ ስጠብቅ እዚሁ ያደገች የእኛ ልጅ፣ ነርስ ናት፣ ስሜን አይታ ፊቷ በራ። «ጋሼ ሙሉጌታ፣ አሁን ትተኛለሽ፣ ኦኬ? ምንም አይሰማሽም። አይዞሽ» አለችኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ አንቺ ብሎ ያናገረኝ ሰው የለም። እንደዚያ ቀን የሚያጽናናም አግኝቼ አላውቅም። አይዞሽ የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ አልቋል። ሁለት ፖሊፕ አግኝተው ቆርጠው አውጥተዋል። ፖሊፕ ማለት በአንጀት ግድግዳ ላይ የምትበቅል ትንሽ ሥጋ ናት፤ አንዷ ባቄላ ታክላለች አሉኝ። ወደ ላቦራቶሪ ተላኩ፤ መልሱ እስኪመጣ ስድስት ቀን ፈጀ። በእነዚያ ስድስት ቀናት ወይንሸትና እኔ በብዙ ዓመት ውስጥ ካወራነው በላይ አወራን። ብሞት ስለሚሆነው አይደለም ያወራነው፤ እንደ እሱ ዓይነቱን አልነካንም። ስለ መጀመሪያው አፓርታማችን፣ ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር ስለነበረው፣ ከላያችን ስለሚኖረው ከበሮ መቺ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። ስልኩ የተደወለው ሻትል ላይ ሳለሁ ስለነበር አላነሳሁትም፤ ዕረፍት ሲደርስ አቁሜ ደወልኩ። ካንሰር አይደለም። ግን ትልቋ ብትቆይ ወደዚያ ልትሄድ የምትችል ዓይነት ነበረች፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሼ እታያለሁ። ባዶው ሻትል ውስጥ፣ ከመሪው ኋላ ሳይሆን ከተሳፋሪዎቹ ወንበር አንዱ ላይ ሄጄ ቁጭ አልኩና ዓይኔን ጠረግኩ።

አንድ ነገር ግን አለ። ደሙ የመጣው ከፖሊፑ አልነበረም፤ ከኪንታሮት ነው። ስለዚህ ልክ ነበርኩ ማለት ነው። ወይንሸት ይህን ዓረፍተ ነገር በቤታችን ውስጥ እንዳልደግም ከልክላኛለች።

የጌታሁን አፍ እንደ ብረት ነው፤ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ለቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች የነገረቻቸው ወይንሸት ናት፤ ያውም ከነመረቁ ከነግድግዳው። በሳምንቱ መኪና ማቆሚያው ላይ ወንዶች አንድ በአንድ ጠጋ እያሉ፣ ስለ ጎማና ስለ ሙቀት ጥቂት አውርተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያ የሚጠጣው ነገር ግን፣ ማለቴ፣ እንዴት ነው?» ይሉኝ ጀመር። ለካ ሁሉም ቤት ከጫማ ኋላ የተደበቀ ነገር አለ። ማደንዘዣ የወሰደ ሰው ብቻውን አይለቀቅም፤ የሚያደርሰው ሰው የግድ ነው። የብዙዎቹ ሚስቶች ደግሞ ሥራ ላይ ናቸው። ማክሰኞ የእኔ የዕረፍት ቀን ነው። እስካሁን አራቱን ይዤ ሄጄ መልሻለሁ።

ያለፈው ማክሰኞ የአባባ ተሾመ ነበር። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ልጃቸው ቤት ይኖራሉ፤ አንድም ቀን ታይተው አያውቁም። ነርሷ ወደ እኔ አውጥታ ስታስረክበኝ፣ ዛሬ እንዳይነዱ፣ ወረቀት እንዳይፈርሙ፣ ትልቅ ውሳኔም እንዳይወስኑ አስጠነቀቀችኝ። ምንም አልተገኘባቸውም። መኪና ውስጥ ትንሽ እንደሄድን አባባ ተሾመ ወደ እኔ ዞሩ።

«ተመለሱ ያሉኝ መቼ እንደሆነ ሰምተሃል?» አሉኝ። «ከአሥር ዓመት በኋላ።»

መልካም ዜና መሆኑን ነገርኳቸው።

«በሰባ ስምንት ዓመቴ ማለት እኮ ነው» አሉ። መንገዱን እያዩ ቆዩ። ቀጥለው፣ በልጃቸው ጓሮ ውስጥ ኮክ መትከል ከፈለጉ ብዙ ዓመታቸው እንደሆነ፣ ለማን ብዬ ነው እያሉ ሲተዉት እንደኖሩ አጫወቱኝና፣ ችግኝ የሚሸጥበት ቦታ በዚህ በኩል እንደሆነ ጠየቁኝ። ትልቅ ውሳኔ ዛሬ እንደማይፈቀድ አስታወስኳቸው።

«የምገዛው ትንሿን ነው» አሉ።

ከሀይዌዩ ወጣሁ። ወገባቸው ላይ ደርሳ የምትቀር አንዲት ኮክ መርጠው የኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ አሰርናት። በሰባ አምስት ማይል ስንከንፍ ቅጠሏ አንገቴን ይነካካኛል። ኤሲውን ቀንስላት፣ ይበርዳታል አሉኝ። ቀነስኩላት።